ለክረምቱ የሞዴል ጀልባ ሥልጠና፦ ኮምፔንሳቶ ወይስ ፎሬክስ?

ጸሐፊዋ፣ ደሴ፦
እንደምን አደራችሁ። እሁድ ስንለያይ የሥልጠናው ዕቅድ ረቂቅ ላይ አንድ ቦታ ክፍት ቀርቷል፤ የጀልባው ቀፎ ከምን ይሠራ? እስከ አሁን የተስማማነው ለልጆቹ 10 ጀልባ እንዲሠራ ነው። ሞዴሉ የ6 ሜትር ጠፍጣፋ ሆድ የእንጨት ጀልባ፣ ስኬሉ 1 ለ 20፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር። መጨረሻ ላይ ሐይቅ ወርደን ውሃ ላይ እናደርጋቸዋለን። ከፒያሳ እስከ ሙጋድ ጠይቄ ከ3 ሚሊ የሳሳ ኮምፔንሳቶ አላገኘሁም። ስለዚህ «3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ» ብዬ ልጽፈው ነው፤ ተቃውሞ ያለው አሁን ይናገር።

አናጺው፣ ኮምቦልቻ፦
እቴ፣ ትንሽ ታገሽኝ። አምና ለልጄ በዚያው 3 ሚሊ፣ በዚያው መጠን ሠርቼለት ነበር። ሳፋ ውስጥ ስናስቀምጠው ገና ምንም ሳንጭንበት ከሚገባው በላይ ጠለቀ። ሌላውም አለ፤ ሲያድር ጠርዙ አብጦ ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። እንጨቱ አልነበረም ጥፋተኛው፣ ሙጫው ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሠራው ኮምፔንሳቶ ብዙውን ጊዜ በዩሪያ ፎርማልዳይድ ሙጫ ይጣበቃል፤ ውሃ ሲቆይበት ይለቃል። ለውጭ የሚሆነው በፌኖል ሙጫ የተጣበቀው ነው፤ ጠርዙን ብታዪው በሽፋኖቹ መካከል ጠቆር ያለ መስመር አለው።

የፊዚክስ መምህሯ፣ ደሴ፦
አያ ያዩት ነገር በስሌትም ይወጣል። ስኬሉ 1 ለ 20 ሲሆን ርዝመት በ20 ይካፈላል፣ ክብደት ግን በ20 ጊዜ 20 ጊዜ 20፣ በ8,000። እውነተኛው ጀልባ ከነሰዎቹ 800 ኪሎ ቢመዝን ሞዴሉ እንደ እውነተኛው እንዲንሳፈፍ የሚፈቀድለት 100 ግራም ብቻ ነው። የጎኑንና የሆዱን ስፋት ስደምረው 450 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ በ3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይህ ብቻውን 88 ግራም ገደማ ይመጣል። ለውስጥ አጥንቱ፣ ለኮላውና ለቀለሙ 12 ግራም ቀረ ማለት ነው፤ አይበቃም።

ስለዚህ ጣውላውን ሳንቀይር ስኬሉን እንለውጥ። በ1 ለ 10 ጀልባው 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ የሚፈቀደው ክብደት 800 ግራም። ያው 3 ሚሊ 350 ግራም ገደማ ይወስዳል፤ ሰፊ ትርፍ አለን። ባልሳ እንግዛ ያላችሁም ነበራችሁ። እውነት ነው፣ በጣም ቀላል እንጨት ነው፤ ነገር ግን ከደቡብ አሜሪካ ተጭኖ የሚመጣ ነገር ላይ ሥልጠናውን አናንጠልጥል። ልጆቹ ዕቃው ሲያልቅባቸው ራሳቸው ወጥተው የሚገዙት ነገር ይሁን።

የማስታወቂያ ሠሪው፣ ኮምቦልቻ፦
እኔ ጋ ከታፔላ ሥራ የተረፈ 3 ሚሊ ፎሬክስ፣ ያ ቀላሉ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ አለ፤ በነጻ እሰጣለሁ። ውሃ አይጠጣም፣ በካተር ይቆረጣል፣ የፈላ ውሃ ሲነካው ለስልሶ ይታጠፋል። የቧንቧ ማጣበቂያ ይይዘዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ፎሬክስ ፒቪሲ ስለሆነ በሌዘር አይቆረጥ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ማሽኑንም ይበላዋል። ጥቁር ቀለም ቀብታችሁም ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ይጣመማል።

አናጺው፦
ለሆዱ ፎሬክሱን እቀበላለሁ። ጎኑ ግን እንጨት ይሁን፤ ልጅ የእንጨት ጅማት ማንበብ መማር አለበት። የላይኛው ሽፋን ጅማት ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ ጎኑ አፍንጫው ጋ እሺ ብሎ ይታጠፋል፤ በጀልባው ርዝመት ከሄደ ግን ይሰነጠቃል። ይህን በቃል ከምነግራቸው ሁለት ቁራጭ ይዘው ራሳቸው ቢያጥፉት ይሻላል።

መምህሯ፦
እንጨትና ፎሬክስ የሚገናኙበት ቦታ ያሳስበኛል። ነጭ ኮላ ፎሬክስን አይዝም፣ የቧንቧ ማጣበቂያም እንጨትን አይጨብጥም። እዚያ ላይ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ሙጫ ይግባ፤ በጀቱ ላይ ይታይ።

ጸሐፊዋ፦
እሺ፣ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ስኬል 1 ለ 10፤ ጎንና የውስጥ አጥንት በፌኖል ሙጫ የተጣበቀ 3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፤ ሆድ 3 ሚሊ ፎሬክስ፤ መገናኛው ኢፖክሲ፤ እንጨቱ ከውስጥም ከውጭም ቫርኒሽ።» አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ ለ10ሩም ይበቃል። ከመፈረማችን በፊት ግን የሚገዛው ኮምፔንሳቶ ሙጫ ይፈተን። አያ፣ ይችላሉ?

አናጺው፦
ከሱቁ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምኜ አሁን ድስት ውስጥ እየፈላች ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠርዟን በቢላ ሞክሬ እጽፍላችኋለሁ።