የፌስቡክ ገጼ ተመልካች በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ገና ደርሷል፣ ምን ላድርግ?

ባና ቤት ጠባሴ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ)፣ ዝተት፣ በርኖስና የሱፍ ምንጣፍ እሸጣለሁ። አንዱን ፖስት እስከ 3 ሺህ ሰው ያየው ነበር፤ አሁን 80 እና 90 ላይ ቀጥ ብሏል። ፎቶው ያው፣ እቃው ያው፣ የምጽፈውም ያው ነው። ለገና ብዬ ከመንዝ ያስመጣሁት እቃ ቤቱን ሞልቶታል። ገጹ ታግዶ ይሆን? ዘግቼ አዲስ ብከፍት ይሻላል?

ጣርማ በር
ቡስት አድርጊው፣ ለፌስቡክ ከፍለሽ ለብዙ ሰው ይታይ፣ በቃ። ሳይከፈልበት ሰው ጋ የሚደርስ ገጽ ድሮ ቀረ።

የሞላሌ ልጅ
እህቴ፣ እንዳትዘጊው! ከዘጋሽው ተከታዮችሽም፣ የደንበኞችሽ መልእክትም፣ ሰው የጻፈልሽ ጥሩ አስተያየትም አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ገጽ ከዜሮ ነው የሚነሣው። መታገዱን ደግሞ መገመት አያስፈልግም፣ ገብተሽ ማየት ትችያለሽ። ከግል አካውንትሽ ወደ ገጹ ቀይሪና "ፕሮፌሽናል ዳሽቦርድ" የሚለውን ክፈቺ፤ ወረድ ስትዪ "ፔጅ ስታተስ" የሚል አለ። ጥሰት ወይም ገደብ ካለ እዚያ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ይግባኝ የሚባለውም እዚያው ነው።

ባና ቤት ጠባሴ
አሁን አየሁት። አረንጓዴ ነው፣ ምንም ችግር የለም ይላል። ታዲያ ምን ሆነ?

ጋሼ አረርቲ
ልጄ፣ ከቁጥሩ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ገበያ ማለት መተማመን ነው። ገዢው ባናውን በእጁ ዳስሶ፣ አሽትቶ፣ ክብደቱን መዝኖ ነበር የሚገዛው። ስልክ ላይ ይኼ ሁሉ የለም። እንግዲህ በእጁ ያጣውን በጽሑፍ ልትተኪለት ይገባል፦ ርዝመትና ወርዱ በሜትር፣ ክብደቱ በኪሎ፣ ሱፉ ንጹሕ ይሁን የተቀላቀለ፣ ቀለሙ የበጉ የራሱ ይሁን የተነከረ፣ እንዴት እንደሚታጠብ። ዋጋውንም ጻፊ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የእቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚሉት ነገር ገዢውን ያሸሸዋል፤ እንደየሰዉ ፊት ዋጋ የሚቆረጥ ይመስለዋል። ሱቅሽ ደጃፍ ላይ የማታደርጊውን ገጽሽ ላይ አታድርጊ።

ባና ቤት ጠባሴ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያሉኝን እጽፋለሁ። አሁን ያስጨነቀኝ ግን ሰው ሳያየው እንዴት ዋጋ ይጠይቃል የሚለው ነው።

የእነዋሪው
እኔ በጥያቄው አልስማማም። 3 ሺህ ሰው ባየው ጊዜ ስንት ባና ተሸጠ? 300 ሰው አይቶት 5 ሰው ከጻፈልሽ፣ 3 ሺህ አይቶት 2 ሰው ከሚጽፍልሽ ይበልጣል። ደግሞ ልጠይቅሽ፣ ያኔ ቡስት ተደርጎለት ነበር?

ባና ቤት ጠባሴ
አንድ ልጅ በዶላር ካርድ እየከፈለ ያደርግልኝ ነበር፤ ብሩን ለእሱ እሰጠዋለሁ። ከጥቅምት በኋላ አቁመናል። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የምለው የተራውን ፖስት ነው።

የእነዋሪው
ሌላ ነገር አይደለም፣ ነገሩ እሱ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ "ኢንሳይትስ" ከዚያ "ቪውስ" ግቢ። ተመልካቹን ለሁለት ከፍሎ ያሳይሻል፤ አንደኛው ከማስታወቂያ የመጣ፣ ሁለተኛው ኦርጋኒክ የሚሉት፣ ማለትም በነጻ የመጣ። ጊዜውን ወደ መስከረምና ጥቅምት መልሰሽ እዪው። አብዛኛው ከማስታወቂያ ከሆነ ገጹን ማንም አላፈነውም፤ ክፍያው ሲቆም የተገዛው ተመልካች አብሮ ሄደ። ማወዳደር ያለብሽ የያኔውን ነጻ ከአሁኑ ነጻ ጋር ነው።

ጣርማ በር
እኔስ ምን አልኩ? ቡስት!

ባና ቤት ጠባሴ
አየሁት። ከ3 ሺው 2 ሺህ 600 ገደማው ከማስታወቂያ ነው። ግን በነጻ የመጣውም ያኔ 400 ነበር፣ አሁን 80 ነው። እሱስ ለምን ወረደ? አሁን ፖስቱን ራሴ ነኝ የማወጣው፤ በቢዝነስ ስዊት (የፌስቡክ የገጽ ማስተዳደሪያ) ቀድሜ አስይዘዋለሁ፣ ሁልጊዜ ማታ 1:30 ላይ። ሰው ሥራ ጨርሶ ስልክ የሚይዝበት ሰዓት ብዬ ነው።

ሸዋሮቢት ማንጎ
ማታ 1:30 ስትዪ፣ ሰዓቱ የሚሞላበት ቦታ ላይ የጻፍሽው ምንድን ነው? አጠገቡ ኤኤም ነው የሚለው ፒኤም?

ባና ቤት ጠባሴ
1:30 ኤኤም ይላል።

ሸዋሮቢት ማንጎ
በይ ተገኘ! እሱ የፈረንጅ ሰዓት ነው። 1:30 ኤኤም ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። በደብረ ብርሃን ውርጭ በዚያ ሰዓት እጁን ከብርድ ልብስ የሚያወጣ ሰው ከየት ይመጣል! እኛ ቆላዎቹ እንኳ ተኝተናል። ማታ 1:30 እንዲወጣ ከፈለግሽ 7:30 ፒኤም ብለሽ ሙዪ፤ ስልክሽ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከሆነ 19:30። ቀኑም በፈረንጅ ነው፦ ታኅሣሥ 29 ብለሽ ያሰብሽው እዚያ ጃንዋሪ 7 ነው። ቴሌግራም ላይም ላኪውን ምልክት ተጭነሽ ይዘሽ "ስኬጁል" ስትዪ የምትሞዪው ያው የስልኩ ሰዓት ነው።

አሁኑኑ ቢዝነስ ስዊት ውስጥ "ፕላነር" ክፈቺና የተያዙትን በሙሉ አስተካክዪ። የወጡትን አትሰርዢ።

የሞላሌ ልጅ
ሰዓቱ ትልቁ ምክንያት ነው ብዬ እኔም አምናለሁ። ፖስት መጀመሪያ ለጥቂት ተከታይ ይታያል፤ እነሱ ቆም ብለው ካነበቡት፣ ከጠየቁበት፣ ለሌላ ሰው ከላኩት ይሰፋል። ሌሊት ወጥቶ ማንም ካልነካው ጠዋት የሚነሣው በሌሎች አዳዲስ ፖስቶች ተቀብሮ ነው።

ግን ገጽሽን አሁን ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ ጽሑፍሽ መጨረሻ ላይ "ላይክ ሼር ያድርጉ፣ 5 ጓደኛ ታግ ያድርጉ" ይላል። ፌስቡክ እንዲህ የሚለምን ጽሑፍን ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ ያስታወቀው በ2017 መጨረሻ ነው፤ አንሺው። በምትኩ ሰው የሚመልሰው እውነተኛ ጥያቄ አኑሪ፦ "ለባለ 1.20 አልጋ የሚሆን ነው የምትፈልጉት ወይስ ለባለ 1.50?"

ሁለተኛ፣ ያንኑ ጽሑፍና ፎቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ግሩፕ ላይ ትለጥፊዋለሽ። ተደጋጋሚ ኮፒ እንደ ስፓም ይቆጠራል፣ የግሩፕ አስተዳዳሪም ያስወጣሻል። ገዢ ያለባቸውን ሁለት ሦስት ግሩፖች መርጠሽ ለእያንዳንዱ ጽሑፉን ቀይሪው፤ በተለያየ ቀንም አውጪው።

ሰላ ድንጋይ ሱፍ
የጋሼ አረርቲን አባባል እደግፋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ዋጋና መጠን ይግባ፤ ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን ቆርጦ ቀሪውን "ተጨማሪ" ብሎ ስለሚደብቀው ያንቺ "እንኳን ለብርሃነ ልደቱ" ብቻ ነው የሚታየው። ሰላምታው ታች ይሁን።

አሁን ወደ ፎቶው። ጥቁሩን በርኖስ ነጭ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ አንስተሽዋል፤ ካሜራው ለግድግዳው ብርሃን ሲያስተካክል በርኖሱ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። የድንጋይ ግንብ ወይም የእንጨት በር ጀርባው ላይ ይሁን። ጠዋት ጥላ ውስጥ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ አንሺው፤ ፍላሽ አትጠቀሚ፣ ሱፉን እንደ ላስቲክ ያስመስለዋል። ስክሪኑ ላይ በርኖሱን ንኪና የምትወጣዋን የፀሐይ ምልክት ድሩና ማጉ እስኪለይ ድረስ ቀስ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢያት። ሰው ይልበሰው፣ የሰውየውም ቁመት ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ ግን የሚሸጥልሽ ቪዲዮ የክር ማቃጠል ሙከራ ነው። ሰው ዋናው ፍርሃቱ "ይሄ ሱፍ ነው ወይስ ፋብሪካ ያወጣው ላስቲክ?" የሚለው ነው። ከባናው ጫፍ አንድ ክር፣ ከገበያ ከመጣ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ሌላ ክር ምዘዢ። ሁለቱንም በየተራ በወረንጦ ይዘሽ ከብረት ሳህን በላይ ክብሪት አስነኪ። ንጹሕ ሱፍ በዝግታ ይነድዳል፣ እሳቱን ስታርቂው ይጠፋል፣ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱም ይታይበታል፤ እንዲያ ከሆነ "የተቀላቀለ" ብለሽ በዋጋው ልክ ሽጪው። ስልኩን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል፣ ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ ጽሑፍ ይኑርበት። ቲክቶክ ላይ ካወጣሽው የቲክቶክ ምልክት ያለበትን አውርደሽ ፌስቡክ ላይ አትጫኚ፤ ከስልክሽ ዋናውን ጫኚ።

አጥበሽ የምታሳዪበት ሌላ ቪዲዮም ሥሪ። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ እንደሚጠብና እንደሚጠጥር ብዙ ገዢ አያውቅም፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ጠቦበት ገጽሽ ላይ ከሚያማርርብሽ አሁን ንገሪው፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ጥላ ላይ ተዘርግቶ።

ጣርማ በር
ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? በ10 ዶላር ቡስት ያልቃል እኮ።

የእነዋሪው
ወንድሜ፣ ቡስት መጥፎ ነው ያለ የለም። እንዴት የሚለው ነው። እህታችን፣ ያ ልጅ ሲያደርግልሽ ማስታወቂያው እንዲታይበት የመረጠው ቦታ የት ነበር? ምናልባት ደብረ ብርሃን ላይ ነጥብ ተክሎ ዙሪያውን 80 ኪሎ ሜትር አድርጎት ይሆናል፤ ክቡ ከዚያ በላይ አይሰፋም። አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአየር ቀጥታም ቢለካ ከክቡ ውጭ ነው። ገንዘብሽ የሄደው ደብረ ሲናን፣ ሸዋሮቢትን፣ መሐል ሜዳን ይዞ ነው ማለት ነው። መሐል ሜዳ ላለ ሰው የመንዝ ባና ማስተዋወቅ ምን ይጠቅምሻል? ሸዋሮቢት ደግሞ ባና የሚለብስ የለም።

ሸዋሮቢት ማንጎ
እውነት ነው፣ እኛ ጋ ነጠላ ላኩልን!

የእነዋሪው
እና ብትከፍዪ ቦታውን "አዲስ አበባ" በሚል ለይተሽ ምረጪ። ግቡ ላይ ላይክ የሚያበዛውን ትተሽ "ተጨማሪ መልእክት" የሚለውን ምረጪ፤ ላይክ ከመረጥሽ ሲስተሙ ላይክ ማድረግ የሚወድ ሰው ይፈልግልሻል፣ ገዢ አይደለም። ክፍያው በአይፎን መተግበሪያ ውስጥ ከሆነ የአፕል 30 በመቶ ሊጨመርበት ስለሚችል ልጁ በኮምፒውተር ብራውዘር ያድርገው። ማስታወቂያ የሚገባውም በነጻ ወጥቶ ሰው የጠየቀበት ፖስት ነው። የቃጠሎውን ቪዲዮ መጀመሪያ በነጻ አውጪው፤ ሰው ከተቀባበለው እሱን ቡስት አድርጊ። ያልሠራ ፖስት ላይ ብር መጨመር ያልሠራውን ለብዙ ሰው ማሳየት ነው።

ለልጁም የይለፍ ቃልሽን አትስጪ። ሴቲንግ ውስጥ "ፔጅ አክሰስ" ገብተሽ "ታስክ አክሰስ" በሚለው "አድስ" (ማስታወቂያ) የሚለውን ብቻ ፍቀጂለት። ሙሉ ቁጥጥር ከሰጠሽው አንቺን ማስወጣት ይችላል።

ሞጃና ወደራ
ስለ ማድረሱ የተናገረ የለም። አዲስ አበባ ያለ ገዢ "እንዴት ይደርሰኛል?" ብሎ ካልተመለሰለት ይተወዋል። ፖስቱ ላይ ቁርጥ አድርገሽ ጻፊ፦ ላምበረት መናኸሪያ በአውቶቡስ ይላካል፣ የመላኪያውን የሚከፍለው እገሌ ነው፣ ጠዋት የከፈለ መቼ ይደርሰዋል። ይህንኑ "ሴቭድ ሪፕላይ" (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልስ) አድርገሽ አስቀምጪው፤ ለ20 ሰው 20 ጊዜ ከመጻፍ ያድንሻል። አስተያየት ላይ "ዋጋ?" ላለሽ ሰው እዚያው በአደባባይ መልሺ፤ አንድ መልስ ዝም ብለው ለሚያነቡትም ይሆናል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ በተላከልሽ ስክሪንሾት እቃ አትልቀቂ። የቴሌብር ከሆነ ከ127 የመጣልሽን መልእክትና ሒሳብሽን እዪ፤ የባንክ ከሆነ መተግበሪያው ውስጥ ብሩ መግባቱን አረጋግጪ። የተቀባባ ደረሰኝ በበዓል ሰሞን ይበዛል።

ጋሼ አረርቲ
ልክ ነው። ያለቀውንም እቃ "ተሸጧል" ብለሽ አርሚው እንጂ አትሰርዢው፤ የሚገዛ ሰው እንዳለ ያሳያል።

ፈጣን ላይክ
የማንኛውም ገጽ ተመልካች እናበዛለን። 10 ሺህ ፎሎወር በአንድ ቀን፤ የገጹን ኢሜይልና የይለፍ ቃል በኢንቦክስ ይላኩ።

የሞላሌ ልጅ
እህቴ፣ ከላይ ላለው ምንም እንዳትልኪ። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሁሉ ገጹን ሊወስደው ነው፤ "ገጽሽ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ሊንክ ንኪ" የሚል መልእክትም ከመጣልሽ ያው ነው። የሚገዛው ተከታይም ሐሰተኛ ነው፦ ፖስትሽ መጀመሪያ ለእነሱ ይታይና ማንም ስለማይነካው ለእውነተኛው ሰው ሳይደርስ ይቀራል። አሁኑኑ "ቱ ፋክተር" የሚለውን፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ በግል አካውንትሽ ላይ አብሪ፤ ገጹ የሚጠበቀው በግል አካውንትሽ በኩል ነው።

ሸዋሮቢት ማንጎ
@ባና ቤት ጠባሴ፣ ፕላነሩን አስተካከልሽው? ዛሬ ማታ የሚወጣው ላይ ፒኤም ማለቱን አይተሽ ንገሪን።

ሰላ ድንጋይ ሱፍ
ቁጥሩን ደግሞ ከነገ ማታ በፊት አትፍረጂበት፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይሙላው። ያኔ የነጻውን ብቻ ከ400ው ጋር አስተያዪ።