አስቸኳይ! ቼኩ ተመለሰብኝ፣ ሰውየው ስልክ አያነሳም፣ ምን ላድርግ? (አዳማ)

አልጋ ሠሪው (ጠያቂ)፣ ሚያዝያ 1፣ ከቀኑ 5፡40

ሰላም ቤተሰብ። የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። አዳማ ነኝ፣ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ለአንድ አዲስ ፔንሲዮን አልጋና ኮመዲኖ ሠርቼ አስረከብኩ። ግማሹን በባንክ አስገባልኝ። ለቀሪው 186,000 ብር ቼክ ጻፈልኝ። "እኔ ሳልነግርህ ባንክ እንዳትወስደው" ብሎኝ ስለነበር ጠበቅኩት። ዛሬ ሠራተኞቼ የበዓል ብር ሲሉኝ ቼኩን ይዤ ሄድኩ። ቴለሯ አየት አድርጋ "ስንቅ የለውም፣ ሂሳቡ ላይ በቂ ብር የለም" ብላ እዚያው በመስኮቱ መለሰችልኝ። ስደውልለት ዘጋብኝ። አሁን ጭራሽ ስልኩን አጥፍቶታል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ፖሊስ ጋ ብሄድ ዛሬውኑ ያስሩታል ወይ? ካልሆነ አይሱዙ ተከራይቼ አልጋዎቼን ጭኜ ልምጣ? እባካችሁ ቶሎ፣ ነገ ስቅለት ነው።

የፍራንኮ ልጅ

አይሱዙ ከመከራየትህ በፊት አልጋው ላይ የተኛ ሰው አለመኖሩን አጣራ። ለፋሲካ ከነእንግዳው ጭነህ እንዳትመጣ ሃሃ

ባለሱቋ

አይዞህ ወንድሜ። ቼኩ ላይ የተጻፈው ቀን ስንት ነው?

ነጋዴ ነኝ

ፖሊስ ጋ ሂድ። ያለ ስንቅ ቼክ መጻፍ ወንጀል ነው። አለቀ።

ጡረተኛው

ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ባንክ ቤት ነው። ቼክ የብድር ወረቀት አይደለም፣ ገንዘብ ነው። የቼክ ሕጋችን ያለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ (አዋጅ ቁጥር 1243) ብዙ ሰው አሮጌው ሙሉ በሙሉ የተሻረ መሰለው። አልተሻረም። ስለ ቼክ፣ ስለ ሐዋላ ወረቀትና ስለ ተስፋ ሰነድ የሚናገረው የአሮጌው ሕግ አራተኛ መጽሐፍ ዛሬም ይሠራል።

ያ ሕግ ቼክ ለባንክ እንደቀረበ ወዲያው ይከፈላል ይላል። "እስክነግርህ አታቅርብ" የሚል የቃል ስምምነት ባንኩን አያስረውም። ወደፊት የሚመጣ ቀን ተጽፎበት እንኳ ዛሬ ብታቀርበው ዛሬ መከፈል አለበት። በእኛ ጊዜ ሰው ቼክ ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን እንደ ሠርግ ጥሪ ወረቀት ይበትኑታል። ጥፋቱ የባንኮችም ነው፣ ለመጣ ሰው ሁሉ የቼክ ጥራዝ ያድላሉ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የምለው አለኝ፣ ማታ እመለሳለሁ።

አልጋ ሠሪው

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ይኑሩልኝ። ግን እኔ የጠየቅኩት ዛሬ ያስሩታል ወይ ነው።

ነጋዴ ነኝ

አልኩህ እኮ። ፖሊስ ጋ ሂድ።

ሀቅ ይነገር

ቅር እንዳትሰኝ ወንድሜ። "ሳልነግርህ አትውሰደው" ሲልህ እሺ ብለህ ተቀብለሃል። ያኔ ሂሳቡ ባዶ እንደሆነ ገብቶሃል ማለት ነው። ይሄ የመያዣ ቼክ ነው፣ ለዕዳው ዋስትና እንጂ ባንክ እንዲቀርብ ያልተሰጠ። ታዲያ ማን ማንን አታለለ? ስንት ነጋዴ በመያዣ ቼክ ታስሮ ቤቱ እንደተበተነ አይቻለሁ። ዕዳ ዕዳ ነው። በዕዳ ሰው ይታሰር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አልጋ ሠሪው

ምን መያዣ አመጣህ! እንጨቱን በዱቤ ገዝቼ፣ ሌሊት አሠርቼ ያስረከብኩት ዕቃ ነው። እሱ እየተከራየበት ነው። ዛሬ ስንት ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ብር እንደሚጠብቅ ብታይ እንዲህ አትልም።

ሀቅ ይነገር

ዕቃህን አልበላብህም አላልኩም። በፍትሐ ብሔር ክሰሰው ነው የምለው።

ባለሱቋ

የቼኩ ቀን ስንት ነው ብያለሁ እኮ?

ጠበቃ አይደለሁም

ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ጠበቃ ግን አይደለሁም። ያየሁትን ልንገርህ።

"ነጋዴ ነኝ" ያለው ልክ ነው። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ከባድ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። "ሀቅ ይነገር" ያነሳው ክርክርም ከሜዳ የመጣ አይደለም። "ለመያዣ ነው የሰጠሁት" የማይል የቼክ ተከሳሽ እስካሁን አላጋጠመኝም። ያንን መመዘን የዐቃቤ ሕግና የዳኛ ሥራ ነው። አንተን የሚጠቅምህ ዕቃውን ያስረከብክበት ሰነድና የተጻጻፋችሁት መልእክት ነው። ቴሌግራም ላይ ከሆነ ሳያጠፋው ፎቶ አንሳና አስቀምጥ።

ዛሬ ያስሩታል ወይ ላልከው፣ እሱን አትጠብቅ። ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቅህ የባንኩን ወረቀት ነው። አንተ ደግሞ ወረቀት የለህም። ቴለሯ በመስኮት መለሰችልኝ አይደል ያልከው? ያ በሕግ ፊት ምንም አይደለም። ቼኩን መልሰህ በደንብ አቅርብ። ያልተከፈለበትን ምክንያትና ቀኑን ጽፈው፣ ፈርመውና ማኅተም መትተው ይስጡህ። "ነገ ና" ቢሉህ ሥራ አስኪያጁን አነጋግር። በራስህ ባንክ በኩል አስገብተህ በባንኮች ማጣሪያ ከሚዞርብህ፣ ቼኩ የተጻፈበት ባንክ ራሱ ጋ በቀጥታ ብትሄድ ይፈጥናል።

አይሱዙውን እርሳው። አልጋዎቹን አስረክበሃል፣ ንብረትነታቸው ወደ እሱ ዞሯል። ሄደህ ብትጭን አንተ ተከሳሽ ትሆናለህ። ንብረቱን ያሸሻል ብለህ ከሠጋህ ክሱን ስትከፍት ከፍርድ በፊት እንዲታገድልህ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችላለህ።

የፍራንኮ ልጅ

ይሄ ሶደሬ መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተው እንዳይሆን ብቻ። ባለፈው ሳምንት ያደርኩበት አልጋ ሲንቋቋ ነበር ያነጋው። ያንተ ሥራ ከሆነ ሰውየው ገንዘቡን የያዘው ለዚህ ነው ሃሃሃ

አስተባባሪ

የድርጅትም የሰውም ስም፣ ይሄ ነው የሚያሰኝ አድራሻም እዚህ አይጻፍ።

አልጋ ሠሪው

የእኔ አልጋ አይንቋቋም!! ቼኩ ጥቅምት 8 ይላል። ቀኑ ምን ያደርጋል?

ባለሱቋ

ምን ያደርጋል?! ወንድሜ፣ ቼክ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት። ከጥቅምት 8 ስድስት ወር ቁጠር። ሚያዝያ 8 ነው። ዛሬ ሚያዝያ 1 ነው። ነገ ስቅለት ባንክ ዝግ ነው፣ እሑድ ፋሲካ ነው። ሰውየው ስልኩን ያጠፋው ለምን ይመስልሃል? በዓሉን አሳልፎ "ሰኞ ና፣ ማክሰኞ ና" እያለ ሊያሳልፍብህ ነው። የባለቤቴን ወንድም ልክ እንዲህ ነው የሠሩት። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሲሄድ ባንኩ ጊዜው አልፏል ብሎ መለሰለት።

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? እሱንም እይ። ለማንኛውም የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቅ። ዛሬ ከሰዓት ሂድ። ካልደረስክ ቅዳሜ ጠዋት።

አልጋ ሠሪው

በእኛ ነው። ወይኔ።

ነጋዴ ነኝ

ባንኩ ወረቀት ሲሰጥህ ፖሊስ ጋ ሂድ።

ጠበቃ አይደለሁም

ባለሱቋ ዋናውን ይዛዋለች። እኔም ቀኑን መጠየቅ ነበረብኝ።

ትንሽ ልጨምር። በጊዜው አቅርበህ ስንቅ የለውም ተብሎ በጽሑፍ ከተመለሰልህ፣ በቼኩ መሠረት የመክሰሻ ጊዜህ ያ ስድስት ወር ካለቀ በኋላ ሌላ ስድስት ወር ነው። ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ከክሱ ጋር ቃለ መሐላ አያይዘህ በአጭር ሥነ ሥርዓት ይታይልኝ ትላለህ። እንዲህ ሲሆን ተከሳሹ ዝም ብሎ መከላከያ አያስገባም፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት። የሚያሳምን ምክንያት ከሌለው ቶሎ ይፈረድልሃል። የቼኩ ጊዜ ካለፈ ግን ገንዘቡ አይጠፋም። በሽያጭ ውሉ ትከሳለህ፣ የውል ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) 10 ዓመት ነው። ግን ያኔ ምስክር፣ ርክክብ፣ ክርክር፣ ቀጠሮ... ታውቀዋለህ።

ሌላው ነገር፣ ቼኩ የግሉ ነው ወይስ የድርጅት? የኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ቼክ ከሆነ በፍትሐ ብሔር የምትከሰው ማኅበሩን ነው። በወንጀል የሚጠየቀው ግን የፈረመው ሰው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ክሱ ይመለስበታል።

ክሱ እዚህ አዳማ ሲከፈት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው። ካልቻልክ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ። በችሎት አስተርጓሚ ይመደብልሃል። የዳኝነት ክፍያም አለ፣ እንደ ገንዘቡ መጠን ነው የሚሰላው። ስታሸንፍ እሱ ይተካልሃል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለአልጋዎቹ ደረሰኝ ቆርጠህለታል?

አልጋ ሠሪው

እሱን ለጊዜው ተዉት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

አንተ ብትተወው የእሱ ጠበቃ አይተወውም። ፋይል ከመክፈትህ በፊት ሒሳብህን ከሚሠራልህ ሰው ጋር ተቀመጥ። ሰውየው እስካሁን ደፍሮ ስልኩን የዘጋብህ ይቺን አውቆ ሊሆን ይችላል።

የፍራንኮ ልጅ

ኡፍ። ይቺኛዋ ከቼኩ ትብሳለች።

ጡረተኛው

ማታ ያልኩት ቀርቶ ተመለስኩ። ሁላችሁም ክስ ክስ ትላላችሁ። ሕማማት ነው፣ ሰው ይቅር ይባባላል። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌ ይዘህ በሩ ድረስ ሂድ። ብዙ ጊዜ ይሄ ከፍርድ ቤት ይቀድማል። ሰውየውም የከፈተው አዲስ ሥራ ነው፣ ስሙን ይፈራል። ቼክ ደጋግሞ የሚመለስበት ደንበኛ ስሙ ለብሔራዊ ባንክ እንደሚተላለፍና የቼክ ሂሳቡ ሊዘጋ እንደሚችልም ሽማግሌዎቹ በለሰለሰ አንደበት ያስታውሱት።

ባለሱቋ

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን መጀመሪያ ባንክ፣ ከዚያ ሽማግሌ። ሽማግሌ ሲሰበሰብ ሚያዝያ 8 ያልፋል።

ደግሞ ስማኝ ወንድሜ። ለእርቅ ስትቀመጡ ሰውየው መጀመሪያ የሚለው "ቼኩን መልስልኝና በወር በወር እከፍልሃለሁ" ነው። እንዳትመልስ! ሽማግሌ ቢለምንህም፣ ቄስ ቢመጣም፣ የመጨረሻዋ ብር ሂሳብህ እስክትገባ ቼኩ አንተ ጋ ይቆያል። ጊዜ ልስጠው ካልክ ዕዳውን አምኖ ይፈርምልህ። መጠኑ በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ፣ የሚከፍልበት ቀን ይጻፍ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። አምኖ ከፈረመ ይርጋውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠርልሃል።

ሀቅ ይነገር

በዚህ እኔም እስማማለሁ። ለእሱም የሚሻለው ይሄ ነው።

ነጋዴ ነኝ

ከዚህ በኋላ ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ገንዘቡን ይዞ የሚጽፈው የክፍያ ማዘዣ) ካልሆነ አትቀበል። ወይ በስልክ ያስተላልፍልህ። መልእክቱ ሲገባ ዕቃው ይውጣ። እኔ እንዲህ ነው የምሠራው።

አልጋ ሠሪው

ባጃጅ ላይ ነኝ። የድርጅቱ ቼክ ነው፣ አሁን አየሁት፣ ማኅተም አለው። ባንኩ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው? መብራት ኃይል ጋ መንገዱ ተጨናንቋል።

የፍራንኮ ልጅ

ለፋሲካ በግ የሚነዳው ሁሉ እዚያ ነው። ውረድና በእግርህ ሩጥ።

ባለሱቋ

ማኅተም መትተው፣ ቀን ጽፈው ይስጡህ። ሳትይዝ እንዳትወጣ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ቅዳሜ)

ምን ደረሰ? ወረቀቱን ሰጡህ?

ጡረተኛው (ማክሰኞ)

እንኳን አደረሳችሁ ልጆች። የአልጋ ሠሪው ነገር ምን ሆነ?

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔ ደግሞ የተሰጠኝ ቼክ በአኃዝ 45,000 ይላል፣ በፊደል ግን "አርባ አራት ሺህ" ነው የሚለው። የቱ ነው የሚሠራው?

ጠበቃ አይደለሁም

በሕጉ በፊደል የተጻፈው ነው የሚጸናው። ባንኩ ግን ልዩነት አለው ብሎ ይመልስልሃል። ለጻፈልህ ሰው መልስና ሌላ ያጽፍልህ። አሮጌውን አዲሱን በእጅህ ሳትይዝ እንዳትሰጠው። ቀኑ ስንት ነው?