የአንገት፣ የወገብና የእጅ ኦፕራሲዮን ያለባችሁ፣ ብቻችሁን አትግቡ

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሆቴል ውስጥ ክፍል በማጽዳት ነው የምሠራው። ቀኝ እጄ ሌሊት ሌሊት እየደነዘዘ ያባንነኛል። ተነስቼ ሳራግፈው ትንሽ ይሻለኛል። ከማጅራቴ ተነስቶ በክንዴ የሚወርድ ሕመምም አለ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ የነርቭ ምርመራም ተደረገልኝ። አንገትሽ ላይ ዲስኩ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ነርቭ ተጭኗል፣ እጅሽ ላይ ደግሞ ካርፓል ተነል፣ ማለትም እጅ አንጓ ላይ የነርቭ መጨመቅ፣ አለ ተባልኩ። ሁለቱም ኦፕራሲዮን ሊፈልጉ ይችላሉ ብለውኛል።

አገር ቤት ላለችው እናቴ አልነገርኳትም። እዚህም ብዙ ሰው አያውቅም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰምታ "አከርካሪው የተነካ ሰው አይነሳም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ አዋዩኝ።

መልስ፣ ከቨርጂኒያ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ ሁለቱንም አልፌያለሁ። መጀመሪያ እጄን፣ በኋላ አንገቴን ተሠራሁ። ዛሬ በየቤቱ እየሄድኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፣ እንጀራዬንም ራሴ እጋግራለሁ። የሁሉም ሰው ውጤት አንድ ነው እያልኩሽ አይደለም። "አይነሳም" የሚለው ወሬ ሌሊትሽን እንዳይበላው ብዬ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ይሠራ አይሠራ የሚለውን ከሐኪምሽ ጋር ትወስኛለሽ። ልብሽ ካልረጋ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ሁለተኛ አስተያየት ጠይቂ። እዚህ አገር ይሄ የተለመደ ነው፣ የመጀመሪያው ሐኪም ይቀየመኛል ብለሽ አትፍሪ።

አንገትና እጅ አብረው ሲያሙ ሰው ግራ ይገባዋል። እጃችንን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከአንገት ወጥተው ነው በክንድ በኩል እስከ ጣት የሚወርዱት። ስለዚህ አንገት ላይ የተያዘውም እጅ ላይ የተያዘውም ጣት ላይ ነው የሚሰማሽ። ካርፓል ተነል የሚያደነዝዘው አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ መሐል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። ትንሿን ጣት አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ትንሿ ጣትሽ ከደነዘዘች ነገሩ ክርን ላይ ወይም አንገት ላይ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ቀስቅሶሽ ስታራግፊው የሚሻልሽ ወደ እጅ አንጓ ያመለክታል። አንገትሽን ስታዞሪ ወይም ቀና ስትይ የሚብስብሽ ደግሞ ወደ አንገት። አንቺ እንደምትይው ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

ይህን መጀመሪያ ያስረዳችኝ መጠበቂያ ክፍል አጠገቤ የተቀመጠች፣ ከእኔ በፊት የተሠራች አንዲት እናት ነች። መዳፌን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካች "ይቺስ? ይቺስ?" አለችኝ። ከዚያ "ስትገቢ 'እጄ ያመኛል' ብለሽ ብቻ እንዳትወጪ፣ ጣቶችሽን ለይተሽ ንገሪያቸው" አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ያዳመጠኝ ያኔ ነው። አንቺም የትኛው ሕመም ከአንገት እንደሆነ፣ የትኛው ከእጅ እንደሆነና የቱ ቀድሞ እንደሚሠራ ጠይቂ። መልሱ ሳይገባሽ አትፈርሚ።

አሁን የማይዘገይ ነገር ልንገርሽ። ቁልፍ ለመቆለፍ እጅሽ እምቢ ካለሽ፣ ዕቃ ከእጅሽ እየወደቀ ካስቸገረሽ፣ ስትራመጂ እግርሽ ከተወላገደብሽ የቀጠሮ ቀን አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ደውይ። ይሄ የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ዋናው ነርቭ ራሱ ሲጫን የሚመጣ ነው። ወገብ የሚያማችሁ ደግሞ ሽንት መሽናት ካቃታችሁ ወይም ሽንት ካመለጣችሁ፣ በጭናችሁ መካከል ስትቀመጡ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያ ላይ የሰዓታት መዘግየት ዕድሜ ልክ ሊያስከፍል ይችላል። ስለ ሽንት ማውራት ያሳፍራል ብሎ የሚቆይ ሰው አለ። እባካችሁ አትፈሩ።

እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን አንገት የሚያሹና የሚያንቀጫቅጩ ሰዎችም አሉ። ወጌሻን አከብራለሁ፣ አያቴም ወጌሻ ነበሩ። ነርቭ የተጫነበትን አንገት ግን ማንም ጠምዝዞ እንዳያዞርብሽ።

የእጁ ነገር ቀለል ይላል። ብዙ ጊዜ ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ነው የሚሠሩት፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይወጣል። የሌሊቱ መደንዘዝ ብዙዎቻችንን ቶሎ ይለቀናል። ማንም ያልነገረኝ ግን የመዳፉ ሥር ነው። ቁስሉ ድኖም በመዳፍሽ ተደግፈሽ ስትነሺ፣ በር ስትገፊ፣ ሊጥ ስታቦኪ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያማል። እኔ "ተበላሸብኝ" ብዬ አልቅሻለሁ። የተለመደ መሆኑን የነገረችኝ ያቺው እናት ነች፣ ስልኳን ይዤ ስለነበር። ለአንቺ ሥራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አልጋ ማንጠፍ፣ ፍራሽ ማንሳትና ጨርቅ መጭመቅ ሁሉም መዳፍ ነው። ከጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የበለጠ ዕረፍት እንደሚያስፈልግሽ ለሐኪሙ ሥራሽን ዘርዝረሽ ንገሪው። "ሆቴል ነው የምሠራው" ካልሽው እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ጋ የምትቀመጪ ሊመስለው ይችላል።

የአንገቱ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ በፊት ለፊት፣ በጉሮሮ በኩል ነው የሚገቡት። ዲስኩን አውጥተው አጥንቶቹን አንድ ላይ ያያይዛሉ። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቆሞ ይራመዳል። አደጋ የለውም አልልሽም፣ አለው፣ ሐኪሙም ሊነግርሽ ግዴታው ነው። ሽባ መሆን ግን የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መዋጥ ያስቸግራል። እንጀራ አይወርድም። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሾርባ ቀድመሽ አዘጋጂ። በጭንቅላት የሚጠለቅ ልብስ ተይ፣ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ይሁን። ስትነሺ ቀጥ ብለሽ አትነሺ። መጀመሪያ ትከሻና ዳሌሽን አንድ ላይ አድርገሽ እንደ ግንድ ወደ ጎን ተንከባለይ፣ እግርሽን ከአልጋ አውርጂ፣ ከዚያ በክንድሽ ገፍተሽ ተቀመጪ። ዛሬ ማታ ጤነኛ ሳለሽ ተለማመጂው። የሚያጨስ ሰው ካለ ደግሞ ትንባሆ የአጥንቱን መያያዝ ያዘገያል፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ማቆም አለበት።

ስለ አምልኮም ልናገር፣ ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው ስለምንገባ። ስግደት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ቁስል ለመዳን በቂ ምግብ፣ በተለይ ፕሮቲን ይፈልጋል። ሙስሊም እህቶቻችንና ወንድሞቻችንም መጎንበስ ያልቻለ ሰው ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዶለታል። በቤት የምትወስጂውን ሁሉ፣ ጥቁር አዝሙዱንም፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብሉንም፣ የዓሣ ዘይቱንም፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ ቁጠሪለት። ደም የሚያቀጥኑ አሉባቸው።

መልስ፣ ከዲሲ

እህቶቼ፣ ጥሩ ነው የተነጋገራችሁት። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ የተሠራሁት ወገቤን ነው። ወንድ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ለማንም አልተነፈስኩም ነበር። ሰው ሲሞትብን መቶ ሰው ድንኳን ይሞላል። ሰው ሆስፒታል ሲገባ ግን "አይታወቅብኝ" ይላል፣ እኛም ካልተነገረን አንሄድም። እድሮቻችን ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው የሚያስፈልገው ገበያ የሚያደርስለት፣ ቆሻሻ የሚያወጣለት፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣለት ሰው ነው።

ሕመሙ እግር ድረስ የሚወርድ የወገብ ዲስክ ችግር ያለባችሁ ግን አትቸኩሉ። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ያለ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል። እኔ እግሬ እየሰነፈ ስለሄደ ነው የተሠራሁት። ከዚያ በኋላ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ እየወሰዳችሁ መሪ አትያዙ። ሐኪሜ ከ10 ፓውንድ በላይ እንዳላነሳ ሲለኝ አልገባኝም ነበር። አንድ ጋሎን ወተት ብቻውን ወደ 9 ፓውንድ ይጠጋል። ልጅ ማንሳት የለም ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ፦ ሥራሽ ዲሲ ውስጥ ከሆነ፣ ሜሪላንድ ብትኖሪም እንኳ፣ የከተማው የሚከፈልበት የዕረፍት ፈቃድ ሊመለከትሽ ይችላል። ከ2022 ጥቅምት ወዲህ ለራስ ሕመም እስከ 12 ሳምንት ይሰጣል። በፌደራሉ ሕግ ደግሞ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ 12 ወርና 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ዐርፎ ሥራው ይጠበቅለታል። ለራሳችን የምንሠራ ሹፌሮች ለዲሲው ፈቃድ ቀድመን ራሳችንን ካላስገባን አይመለከተንም። ጤነኛ ሳላችሁ ተመዝገቡ።

መልስ፣ ከሳውዝ ዳኮታ

እኔ ሥጋ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ሁለቱም እጆቼ ተሠርተዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከመሰለሽ ለአለቃሽ ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ቅጂውን ያዢ። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የጊዜ ገደብ አለው። ሐኪሙም ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ካመነ መዝገብሽ ላይ ይጻፈው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እያነበብኩ አለቀስኩ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፣ ለሐኪም ግን አይበቃም። የ11 ዓመት ልጄ ነች የምታስተረጉምልኝ። እሷን ይዤ ልግባ? ለእናቴስ ልንገራት?

መልስ፣ ከቨርጂኒያ

ልጅሽን አታስገቢያት። ስለ ሽንትና ስለ ሽባነት የምትተረጉመው እሷ ትሆናለች፣ ያንን ይዛ ነው የምታድረው። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ፣ ይህ ማለት አብዛኛው ነው፣ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው መሠረቱ። ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። ስትደውዪ "አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በይ፣ ቀጠሮሽ ላይ ያስመዝግቡልሽ። በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊያገናኙሽ ይችላሉ። ስትፈርሚም፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ ሲመጣም፣ ወደ ቤት ስትለቀቂም አስተርጓሚው ይኑር። ሰው የሚሳሳተው መጨረሻ ላይ፣ መድኃኒቱን ሲቀበል ነው።

ሂሳቡ ካስጨነቀሽ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው የእርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። "ፋይናንሺያል አሲስታንስ" ብለሽ ቅጹን ጠይቂ፣ ሂሳቡ ከመጣ በኋላም ቢሆን።

እናትሽን በተመለከተ የአንቺ ነው ውሳኔው። እኔ ለእናቴ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነገርኳት፣ ስትጸልይልኝ መስማት ፈልጌ ነበር። ሰው ድምፅሽን ሰምቶ የሚያውቅብሽ ከሆነ ደብቀሽ አትዘልቂውም። ቀኑንና የሐኪሙን ምክንያት ይዘሽ በረጋ ድምፅ ንገሪያት። ያ የባልደረባሽ ወሬ ግን እሷ ጋ እንዳይደርስ።

የቀጠሮሽን ቀን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከሥራ ከተመቸኝ አብሬሽ እገባለሁ፣ ካልሆነ ማታ እደውልልሻለሁ። ጥያቄዎችሽን በአማርኛ ጽፈሽ ያዢ፣ አንድ ላይ እናያቸዋለን። ሌሎቻችሁም ኦፕራሲዮን ካለባችሁ ጻፉ። ወገብ ከሆነ የዲሲው ወንድማችን፣ የሥራ ጉዳት ከሆነ የሳውዝ ዳኮታው፣ አንገትና እጅ ከሆነ እኔ አለሁ።