እርጥበት የሚለካው የመታጠቢያ ቤት ፋን መብራት ሲጠፋ ለምን አብሮ ይጠፋል? (እንግሊዝ ለምትኖሩ)

ጥያቄ፣ ከሊድስ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምንከራየው ቤት መታጠቢያ ክፍል መስኮት የለውም። በቅርቡ አከራያችን አሮጌውን አየር ማስወጫ ፋን አስነቅሎ፣ እርጥበት ሲበዛ በራሱ ይነሳል፣ ሲቀንስ በራሱ ይቆማል የተባለለትን አዲስ ፋን አስገጠመልን። በራሱ ሲነሳ ግን አንድም ቀን አላየንም። መብራት ስናበራ ይነሳል፤ ስናጠፋ ወዲያው ይቆማል። ልጆቹ ታጥበው ከወጡ በኋላ መስተዋቱ ለረጅም ሰዓት ጉም እንደለበሰ ይቆያል፣ በኮርኒሱ ጥግም ጥቁር ሻጋታ ጀምሯል። አከራዩ "ፋኑ አዲስ ነው፣ ምንም የለበትም" ይላል። ዕቃው ነው የተበላሸው ወይስ አገጣጠሙ?

መልስ፣ ከበርሚንግሃም

እህቴ፣ እኔ እዚህ አገር በኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ነኝ። የገለጹት ምልክት የሚያመለክተው ሽቦውን እንጂ ዕቃውን አይደለም። አከራዩ ፋኑ ጤነኛ ነው ማለቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ለፋኑ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ አለመድረሱ ነው።

ተራ ፋን ከመብራቱ ማብሪያ የሚመጣ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (መመለሻው) ይበቃዋል። እርጥበት የሚለካው ግን ሦስት ሽቦ ይፈልጋል። አንደኛው መብራቱ ቢበራም ቢጠፋም የማይቋረጥ ቋሚ ፌዝ ነው፤ ኤል የሚል ምልክት ባለበት ቦታ ይታሰራል። ሁለተኛው ኒውትራል ነው፣ ምልክቱም ኤን። ሦስተኛው መብራቱ እንደበራ ለፋኑ የሚያሳውቀው ሽቦ ነው፤ እንደ አምራቹ ኤልኤስ፣ ኤስኤል ወይም ቲ ተብሎ ይጻፋል። ሞተሩን የሚያሽከረክረውም ሆነ ሴንሰሩን (እርጥበት መለኪያውን) ነቅቶ የሚያቆየው ቋሚው ፌዝ ነው። ሦስተኛው ሽቦ መልእክተኛ ብቻ ነው።

እርስዎ ቤት የሆነው ከሁለቱ አንዱ ይመስለኛል። አሮጌው ፋን በሁለት ሽቦ ይሠራ ከነበረ፣ ገጣሚው አዲስ ኬብል መሳብ አስቸግሮት በዚያው ኬብል ተጠቅሟል ማለት ነው፤ ኤልንና ኤልኤስን በአጭር ቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ከማብሪያው የሚመጣውን ፌዝ ለሁለቱም ሰጥቷል። ወይም ሦስቱም ሽቦዎች አሉ፣ ነገር ግን ቋሚው ፌዝ በኤልኤስ፣ የማብሪያው ደግሞ በኤል ቦታ ታስረዋል። በሁለቱም መንገድ ውጤቱ አንድ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ሴንሰሩ አብሮ ይጠፋል። ክፍሉ በእንፋሎት ቢታፈንም የሚለካ የለም። ከመብራት በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲሠራ የሚያደርገው የሰዓት ቆጣሪም በዚሁ ምክንያት አይሠራም። "ወዲያው ይቆማል" ያሉት ቃል ነው ነገሩን የነገረኝ።

ሽፋኑ ሲከፈት ሁለቱን ለመለየት አፍታ አይፈጅም። የተገናኘ ቁራጭ ሽቦ ካለ ዐይን ያየዋል። ቦታ ተለዋውጠው ከሆነ ግን ቀለም አይታመንም። በአሁኑ የእንግሊዝ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል ቀለሞቹ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ናቸው፤ ኒውትራል የተደረገው ሽቦ ሰማያዊ ምልክት ሊለብስ ይገባዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳይለብስ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት በተዘረጋ መስመር ላይ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ያገኛሉ። አደገኛው ጥቁሩ ነው። በአሮጌው ባለ ሁለት ሽቦ ኬብል ጥቁር ኒውትራል ነበር፤ በአዲሱ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል ግን ፌዝ ሊሆን ይችላል። በቀለም ልማድ ብቻ እጁን የሚሰድ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። ስለዚህ ብሬከሩ ይውረድ፣ ከዚያም ሽቦው በትክክለኛ ቴስተር ይፈተሽ። የመብራቱን ማብሪያ ማጥፋት በፍጹም አይበቃም፤ በትክክል የታሰረ ፋን መብራቱ ጠፍቶም ፌዝ አለበት።

መፍትሔው ኬብል መሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሴራሚክ ሳይሰበር፣ ኮርኒስ ሳይቀደድ የሚቻል መንገድ አለ። ያለው ባለ ሁለት ሽቦ ኬብል በመነሻው በኩል ከማብሪያው ፌዝ ተላቆ ከቋሚው ፌዝ ጋር ይታሰራል፤ በፋኑ በኩል ኤልና ኤን ብቻ ይታሰራሉ፣ ቁራጯ ሽቦ ትወጣለች፣ ኤልኤስ ባዶውን ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ፋኑ ከመብራቱ ጋር ግንኙነት አይኖረውም፤ እርጥበት ሲጨምር ይነሳል፣ ሲቀንስ ይቆማል። የሚጎድለው ለሽታ ብቻ ሲፈለግ በመብራት ማስነሳት አለመቻሉ ነው። ብዙዎቹ ፋኖች እንዲህ ይሠራሉ፤ ቢሆንም የአምራቹ መመሪያ አስቀድሞ ይነበብ።

እርስዎ ተከራይ ስለሆኑ ካቻቪቴ አያንሡ። የራስ ቤት ላላችሁም፣ በእንግሊዝ አሮጌን ፋን በዓይነቱ መተካት ቀላል ሥራ ሲሆን፣ በገንዳው ወይም በሻወሩ ዙሪያ ባለው ክልል መስመር መጨመር ወይም መለወጥ ግን ለአካባቢው የሕንፃ ቁጥጥር የሚታወቅ ሥራ ነው። የተመዘገበ ባለሙያ ራሱ አሳውቆ የምስክር ወረቀቱን ይሰጣችኋል። ወረቀቱን ሳትቀበሉ ሒሳብ አትዝጉ።

ጥያቄ፣ ከለንደን

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእኛ ግን ተቃራኒው ነው። ሌት ተቀን አይቆምም። ባለቤቴ የመብራት ሒሳብ ፈርቶ ከበሩ በላይ ባለው ማጥፊያ ዘግቶታል፣ ክረምቱን ሙሉ እንደተዘጋ ከረመ።

መልስ፣ ከበርሚንግሃም

እህቴ፣ በመጀመሪያ ያንን ማጥፊያ ዛሬውኑ ይክፈቱት። እርሱ የተሠራው ፋኑ ሲጠገን ኤሌክትሪክ ለመቁረጥ ነው። በሒሳቡም ፍርሃቱ ከወጪው ይበልጣል፤ 15 ዋት የሚስብ ፋን 24 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ የሚወስደው 0.36 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ግድግዳ ማስፋቅ፣ ማስቀባትና የታመመ ልጅ ይዞ መመላለስ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ፋኑ አልቆም የሚለው ብዙ ጊዜ የእርጥበቱ መጠን ዝቅ ብሎ ስለተሞላ ነው። በሽፋኑ ሥር በትንሽ ካቻቪቴ የምትዞር መቆጣጠሪያ አለች። 60 ከመቶ ላይ ከተሞላች፣ ቤቱ ራሱ በክረምት 65 ከመቶ እርጥበት ካለው ፋኑ መቼም ሥራውን አይጨርስም። እዚህ በክረምት የውጩም አየር እርጥብ ነው፣ ልብስም የሚሰጣው ቤት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ በበጋ ጠዋት ያሰጣነውን እኩለ ቀን ላይ ደርቆ እናነሣ ነበር፤ ያ አየር እዚህ የለም። ኤሌክትሪኩ ተቆርጦ መቆጣጠሪያዋ ጥቂት ከፍ ትበል፣ ከዚያም ሻወር ሳይወሰድ ለጥቂት ሰዓታት ትታይ። አሁንም ካልቆመ እንደገና ጥቂት። በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው የሚያዞሯት ሰዎች ፋኑን ደንቆሮ ያደርጉታል።

ይህ ካልሠራ የመብራቱን ማብሪያ ይመልከቱ። በጨለማ እንድትታይ ትንሽ መብራት ያላት ማብሪያ ከሆነች፣ በእርሷ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ፋኑን "መብራት በርቷል" ብላ ልታሳስተው ትችላለች። ባለሙያው ኤልኤስን ፈትቶ ሲያገልለው ፋኑ ከቆመ ጥፋቱ ከመብራቱ በኩል ነው፤ ካልቆመ ከሴንሰሩ ነው። በአቧራ የተደፈነ ሴንሰርም ያሳስታል።

አየሩ በእርግጥ መውጣቱንም አረጋግጡ። የሚዞር ፋን ሁሉ አየር አያወጣም። ፋኑ እየሠራ አንድ ቅጠል የመጸዳጃ ወረቀት ፊቱ ላይ አስጠግታችሁ ልቀቁት፤ ከተጣበቀ ይስባል፣ ከወደቀ ለስሙ ነው የሚዞረው። ከዚያ ውጭ ወጥታችሁ የቱቦውን ክዳን ተመልከቱ፤ ቀለም ያጣበቀው ወይም ወፍ ጎጆ የሠራበት አይጠፋም። ቱቦው ከኮርኒሱ በላይ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ የረገበ ቦታ ላይ ውሃ ያጠራቅማል፤ ከፋኑ የሚንጠባጠበው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የጣሪያ ፍሳሽ ሳይሆን በብርድ የተመለሰው የራሳችሁ እንፋሎት ነው። በእንግሊዝ ደንብ እንዲህ ያለ የመታጠቢያ ቤት ፋን በሰከንድ 15 ሊትር ማውጣት አለበት። የሚወጣውን ያህል የሚገባ አየር ስለሚፈልግም ከበሩ ሥር 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ብርድ ይገባል ብላችሁ በጨርቅ አትወትፉት።

አስተያየት፣ ከማንችስተር

የሊድሷ እህቴ፣ አቤቱታዎን በስልክ ብቻ አይተዉት። ቀኑ የተጻፈበት መልእክትና ፎቶ ይላኩ። እዚህ አጠገባችን በሮችዴል ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ የሆነው አዋብ ኢሻቅ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በሁለት ዓመቱ ሞተ፤ የሞቱ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ እንደሆነ በ2022 በፍርድ ተረጋገጠ። አባቱ ደጋግሞ አቤት ብሎ ነበር፤ የተሰጠው ምክር ቀለም ቀባበት የሚል ነበር። በስሙ የተጠራው ሕግ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የካውንስልና የማኅበራዊ ቤት አከራዮች ጤናን የሚጎዳ ርጥበትና ሻጋታ እንዳለ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመርመር፣ ለጤና ወይም ለደኅንነት አስቸኳይና ከባድ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለባቸው። ይህ ሕግ ለጊዜው የግል አከራዮችን አይነካም፤ ሆኖም በእንግሊዝ ማንኛውም የግል አከራይ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ የቤቱን ኤሌክትሪክ በባለሙያ አስመርምሮ ሪፖርቱን ለተከራዩ መስጠት ግዴታው ነው። ሪፖርቱን ይጠይቁ። አከራዩ ዝም ካለ ወደ ካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ይሂዱ።

ፋኑን ዘግተው የሚያቆዩ ወገኖቼም ይህን አስቡበት። መርማሪው መጥቶ ማጥፊያው ተዘግቶ ካገኘው ጥፋቱ ሁሉ በእናንተ አኗኗር ላይ ይላከካል።

ከሊድስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአከራዩ "ፋኑ ቋሚ ፌዝ የለውም፣ በባለሙያ ይታይልን" ብዬ ጽፌያለሁ። እስኪመጣ ድረስ ሻጋታውን በምን ላጥበው?

መልስ፣ ከበርሚንግሃም

ጓንት አድርገው፣ በሌላ ክፍል የሚገኝ መስኮት ከፍተው፣ ልጆቹን አርቀው በሻጋታ ማጽጃ ይጥረጉት። በረኪና ከተጠቀሙ ከሆምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ መስኮት በሌለው ክፍል ደግሞ ይብሳል። በደረቅ ብሩሽ አይፋቁት፣ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። ሲታጠቡም ሆነ ታጥበው ሲወጡ መብራቱን አብርተው ይተዉት፣ በሩንም ይዝጉት፤ በአሁኑ አስተሳሰሩ ፋኑን በሥራ ላይ የሚያቆየው መብራቱ ብቻ ነው።