የእናቴን ትራማዶል ብፈጨው ችግር አለው?

ጠያቂ፦ እናቴ የዳሌ ቀዶ ጥገና አድርጋ ቀስ ብሎ የሚለቅ ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ) 100 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ታዞላታል። «ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል» እያለች አስቸገረችኝ። ፈጭቼ በውሃ በጥብጬ ልስጣት? ለእንቅልፍ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ ዳያዜፓም ትወስዳለች።

የማታ ተረኛ ነርስ፦ እህቴ፣ እንዳትፈጪው! በ12 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ መለቀቅ ያለበት መድኃኒት በአንዴ ደማቸው ውስጥ ይገባል። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት የጣልሽው ዳያዜፓም ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ትንፋሽ ያዳክማሉ። ዛሬውኑ ላዘዘው ሐኪም ንገሪው። ዳያዜፓሙን ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ቢያቆም ሰውነቱን ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ማታ ማታ እያየሻቸው፤ ስትቀሰቅሻቸው ካልነቁ፣ ትንፋሻቸው ከተቆራረጠ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ አምቡላንስ ጥሪ።

ወገቤን፦ ስለ ሆድ ድርቀትስ ማን ነገራችሁ? እኔን ማቅለሽለሹ ቶሎ ለቀቀኝ፣ ድርቀቱ ግን መድኃኒቱን እስካቆም አብሮኝ ኖረ። ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቂ። ሰው ይህን ለማውራት ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም።

ጠያቂ፦ ደወልኩ። ክኒኑን ወደ ጠብታ ቀየረላት፤ ዳያዜፓሙን ቀስ በቀስ ሊቀንስላት ነው። የተረፈውን ክኒን ላስቀምጠው?

ፋርማሲስቱ፦ አታስቀምጪው፣ ለፋርማሲ መልሺ። ጠብታው ቶሎ ስለሚሠራ ሰዓቱም መጠኑም እንደ ክኒኑ አይደለም፤ በማንኪያ ሳይሆን አብሮት በመጣው መስፈሪያ ለኪ። የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ተናገሪ፣ አንዳንዶቹ ከትራማዶል ጋር አይስማሙም።