ባነር ላይ ስትሮኩም ሻዶውም ጠፋብኝ፣ ድረሱልኝ!

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ፎቶሾፕ የምትችሉ በናታችሁ! ነገ የወንድሜ ምርቃት ነው፣ ባነሩ ዛሬ ከ11 ሰዓት በፊት ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለው ላይ ወርቃማ ስትሮክ (የፊደሉ ዙሪያ መስመር) እና ድሮፕ ሻዶው (ጥላ) አድርጌበት አምሮ ነበር። ባነሩ ላይ ሳስገባው ሁለቱም የሉም፣ ጽሑፉ ልሙጥ ሆኖ ቀረ። ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ በሉ!

ካሜራው፦ ሌየሩ (የጽሑፉ ንብርብር) ሥር ኢፌክትስ ከሚለው አጠገብ ያለችው ዓይን ጠፍታ ይሆናል። ተጫኛት።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ አልጠፋችም፣ አለች።

የድሮ ዲዛይነር፦ ልጆች፣ ባነር በፎቶሾፕ አይሠራም! ጽሑፍ የሚሠራው ኢሉስትሬተር በሚባለው ፕሮግራም ላይ ነው፣ ቬክተር (በነጥብ ሳይሆን በመስመር የሚሣል) ስለሆነ የቱንም ያህል ቢለጠጥ አይደበዝዝም። የዛሬ ልጅ መሠረቱን ሳይማር ወደ ኢፌክት ይሮጣል።

ቀልደኛው፦ ጋሼ፣ ቤቷ እየተቃጠለ ስለ ግንብ አሠራር ያስተምሯታል እንዴ? ሃሃሃ

ሚሚ፦ ዓይኗን አብሪያት የኔ ቆንጆ፣ እኔም እንደዛ ሆኖብኝ ነበር።

ካሜራው፦ ተብሏል እኮ!

ፒክሰል ቆጣሪ፦ ቆይ እህቴ፣ መጀመሪያ የሠራሽው ፋይል ስንት ነው? ወደ ባነሩስ እንዴት አስገባሽው?

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ለቴሌግራም የሠራሁት ነው፣ ወርዱ 1200 ፒክሰል። ጎትቼ አስገባሁትና በኮንትሮል ቲ (መጠን መቀየሪያው) ለጠጥኩት። ባነሩ 3 በ1 ሜትር ነው። በኢንች 300 ፒክሰል ሠርቼው በፒኤስዲ (በፎቶሾፕ ፋይል) ሴቭ አላደርግም ስላለኝ 72 አደረግኩት።

ፒክሰል ቆጣሪ፦ እንግዲያው አልጠፋም፣ አንሶ ነው። በኮንትሮል ቲ ስትለጥጪ ጽሑፉ ያድጋል እንጂ ስታይሉ (ስትሮኩና ሻዶው) አብሮት አያድግም። 3 ሜትር በ72 ወደ 8,500 ፒክሰል ነው፤ ስትሮክሽ 3 ፒክሰል ከሆነ በዚያ ላይ ክር ናት። ሌየሩ ላይ ኤፍኤክስ የምትለዋን ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ስኬል ኢፌክትስ፣ 700 በመቶ ብለሽ ጻፊ። ስትሮኩ 21 ይሆናል፣ ሻዶውም በዚያው ልክ ያድጋል። 72 ማድረግሽ ደግሞ ልክ ነው፣ ባነር ከሩቅ ነው የሚታየው። በ300 ከ35,000 ፒክሰል ያልፋል፤ ፒኤስዲ ከ30,000 በላይ አይቀበልም።

ካሜራው፦ ወይ ትንሹ ፋይል ላይ እያለ ስማርት ኦብጀክት (ጽሑፉንና ስታይሉን አንድ ላይ የሚያሽግ ሌየር) አድርገሽ ጎትቺው፣ ስታይሉ አብሮ ያድጋል።

ፒክሰል ቆጣሪ፦ ኧረ እንዳትሞክሪው! በትንሹ ፋይል ጥራት ነው የሚይዘው፣ 7 እጥፍ ሲለጠጥ ፊደሉ ይደበዝዛል።

የድሮ ዲዛይነር፦ ኢሉስትሬተር ቢሆን ኖሮ...

ሚሚ፦ እህት፣ ተሳካልሽ?

ቀልደኛው፦ መብራት ሄዶባት ይሆናል። ወይ ድግሱ ላይ ናት፣ እኛን ሳትጠራ።

ገላን ልጅ፦ እኔም እንደሷ ሆኖብኛል፣ 1000 ብዬም አልበቃኝ አለ።

ፒክሰል ቆጣሪ፦ በአንዴ ከ1000 አያልፍም፣ ድገመው። ስትሮክ ግን ቢበዛ 250 ፒክሰል ነው።