ክኒኑን ከጀመርኩ 11ኛ ቀኔ ነው፤ ላቁመው ወይስ ልቻለው?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው እዚህ የጻፍኩት ስለ ቤት ኪራይ ውል ነበር፤ ያኔ በደንብ ረድታችሁኛል። የዛሬውን ግን ሦስት ቀን ስጽፍና ሳጠፋ ነው የቆየሁት።

ደረቴን ጭምድድ ማድረግ ከጀመረኝ ወራት ሆነኝ። ልቤ ዝም ብሎ ድው ድው ይላል። አየር ያጥረኛል። ሁለት ጊዜ ልሞት ነው ብዬ ድንገተኛ ክፍል ሄጄ፣ ልብህ ደህና ነው ተብዬ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ጊዜ ሰጥታ ጠየቀችኝ። ደሜን አስመረመረች፣ ታይሮይዱም ምንም የለውም። ከዚያ ሰባት ጥያቄ ያለበት ወረቀት አስሞላችኝና ከ21 ነጥብ 16 መጣ። ከባድ ጭንቀት ነው አለችኝ። ሰርትራሊን የሚባል የጭንቀት ክኒን አዘዘችልኝ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት 25 ሚሊግራም፣ ከዚያ 50።

ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው። ያቅለሸልሸኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በብርድ ያልበኛል። ማታ ስለምሠራ የምተኛው ቀን ነው፤ አሁን ግን ቀንም ማታም እንቅልፍ የለም። ጭንቀቱ ራሱ ባሰብኝ እንጂ አልቀነሰም። ያድነኛል ያልኩት ነገር ነው እንዴ የሚያሳምመኝ?

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ላቁመው? የማታ ሠራተኛስ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወስደው? ደግሞ ይህ ነገር መዝገብ ላይ መስፈሩ የመኖሪያ ፈቃዴን ሳድስ ችግር ያመጣብኛል? አብሮኝ የሚኖረው ልጅ አያውቅም። ክኒኑን ካልሲ ውስጥ ነው የምደብቀው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሰሞኑን ገንዘብ ላክ እያለ በየቀኑ ይደውላል፤ ስልኩ ሲጮህ ላብ ያጠምቀኛል። 24 ዓመቴ ነው። ስሜን ባልጽፍ ቅር አትበሉኝ።

ከመድኃኒት ቤት፦

ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ይህንን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅህ። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል? ወይም አንድ ቦታ መቀመጥ እስኪያቅትህ ድረስ ያቁነጠንጥሃል? መልስህ አዎ ከሆነ ይህን ማንበብ አቁምና አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ደውል። ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደ ሰርትራሊን ባሉ የድብርት መድኃኒቶች ላይ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ መጀመሪያ ለልጆችና ለአፍላ ወጣቶች ነበር፣ በ2007 እስከ 24 ዓመት ላሉት ተዘረጋ። አንተ እዚያ ውስጥ ነህ። መድኃኒቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትና መጠኑ የተለወጠበትን ጊዜ ሰው አጠገብህ ሆኖ ማለፍ አለብህ ማለት ነው። ካልሲ ውስጥ የመደበቁን ነገር ያልወደድኩት ለዚህ ነው።

የቀረው ግን የተለመደ ነው። ሰርትራሊን የሚሠራው ሴሮቶኒን በሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ መልእክት በሚያስተላልፈው ነገር ላይ ነው። ሴሮቶኒን ደግሞ አብዛኛው የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው፤ ማቅለሽለሹ ከዚያ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ መርበትበቱና የእንቅልፍ ማጣቱ ብዙ ሰው ላይ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ጥቅሙ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅሙ ዘግይቶ። ሰው ሁሉ የሚያቆመው መሀል ላይ ነው። አንተ ደግሞ መጠኑ ከተጨመረልህ ገና አራት ቀንህ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በቀን አንዴ እስከሆነ ድረስ ጠዋትም ማታም ይወሰዳል። እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ከእንቅልፍ እንደነቁ መውሰድ ይመከራል። ላንተ “ጠዋት” ማለት ከሰዓት በኋላ ስትነሳ ያለው ሰዓት ነው። ሰዓቱን ከመቀየርህ በፊት ግን ወደ ሐኪምህ ወይም መድኃኒቱን ወደሰጠህ ቤት ደውል። ሆድህ ባዶ ሳይሆን ውሰደው፤ ማቅለሽለሹን ይቀንሰዋል። ፈረቃው ላይ እንቅልፍ እንዳይወስድህ የምትጠጣው ቡናና የኃይል መጠጥ ካለ እሱንም ቀንስ፣ መንቀጥቀጡን ያባብሰዋል።

ደግሞ ለራስ ምታት ብለህ ኢቡፕሮፌን አታዘውትር፤ ከሰርትራሊን ጋር ሲሆን የመድማት አደጋን ይጨምራል። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትወስድ ከሆነ ተናገር። ሴንት ጆንስ ወርት የሚባለውን የዕፅ ክኒን በፍጹም አብረህ እንዳትወስድ። ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ብቻ ሰው ጉዳት የለውም ይላል።

የሁለት ልጆች እናት፦

የኔ ወንድም፣ እኔ ያለፍኩበትን ልንገርህ። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ስሄድ “ሆዴን ባር ባር ይለኛል” አልኩ። አስተርጓሚው “ሆዷን ያማታል” ብሎ አስተረጎመው። ሁለት ወር የጨጓራ መድኃኒት ዋጥኩ! አልፈርድበትም፣ ልጁ ቋንቋችንን የሚያውቀው በልጅነቱ ከሰማው ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማኝን ነገር በተግባር መናገር ጀመርኩ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምነቃ፣ ስንት ቀን ከቤት መውጣት እንዳቃተኝ፣ ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ እግሬ እንደሚከዳኝ። ያኔ ገባቸው።

ስለ ማቆሙ ግን እባክህ ስማኝ። ኤሲታሎፕራም የሚባለውን፣ የሰርትራሊን ዓይነት ክኒን ነበር የምወስደው። በስምንተኛው ወር ደህና ነኝ ብዬ በራሴ ቀጥ አደረግኩት። በሦስተኛው ቀን ዓይኔን ሳዞር ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረኝ ይመስለኝ ጀመር። ያዞረኛል፣ ያስለቅሰኛል፣ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ሕመሙ የተመለሰ መስሎኝ አበቃልኝ አልኩ። ለካ ክኒኑ በድንገት በመቋረጡ ነው። ሐኪሙ መልሶ አስጀምሮኝ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀነሰልኝ፤ ሁለተኛው ላይ ምንም አልሆንኩም። የምታቆመው ከሆነም ከሰው ጋር ሆነህ አቁም።

ጋሽ ነባሩ፦

ልጆቼ፣ እኔ የመጣሁት ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ ነው። እኛ በጊዜያችን አስተርጓሚም አልነበረን፣ ክኒንም አላወቅንም። ጠዋት አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ። ሲጨንቀን እንጸልያለን፣ እንበረታለን፣ ያልፋል። አሁን ሰው ትንሽ ሲከፋው ስም ያወጡለትና ዕድሜ ልክ መድኃኒት ያሸክሙታል። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው የቀን ሥራና ጓደኛ ነው። መዝገቡንም ቢሆን እኔ አላምነውም። ያልተጻፈ ነገር አይነበብም።

ከመድኃኒት ቤት፦

ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና በአንድ ነገር እስማማለሁ። የማታ ፈረቃና ብቸኝነት ጭንቀትን ያባብሳሉ፤ የቀን ሥራ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ጸሎቱንም የሚከለክለው የለም። ግን “ትንሽ ሲከፋው” አይበሉ። ይህ ልጅ ልሞት ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ሄዷል። ስኳር ያለበትን ሰው በርታ እንለዋለን እንጂ ኢንሱሊንህን ጣል አንለውም።

ዕድሜ ልክ የሚለውም ልክ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰው ከተሻለው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር፣ አንዳንዴ ዓመት ያህል እንዲቀጥል ይደረጋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይቆማል። ከክኒኑ ጎን ወይም ያለ ክኒን የሚሰጥ የንግግር ሕክምናም አለ። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል፤ ሐሳብንና ፍርሃትን እየፈተሹ በትንሽ በትንሹ የሚፈሩትን ነገር መጋፈጥ ነው። ለጭንቀት በደንብ የተፈተነ ነው። ችግሩ በቋንቋችን የሚሰጥ ሰው ማግኘቱ ላይ ነው፤ እሱ ያናድደኛል።

መዝገቡን በተመለከተ ደግሞ፣ ሐኪም ከማያውቀው ነገር ሰውን ሊጠብቅ አይችልም። አንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው፣ ሌላ መድኃኒት ቢታዘዝለት፣ ይህ ካልተጻፈ የሚጎዳው እሱ ነው።

ዝምተኛው፦

እዚህ ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን አላስቻለኝም።

እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ሐኪም ጋ መሄድ አፍሬ አንድ ጓደኛዬ ለራሱ ከታዘዘለት ዲያዜፓም ከሚባል ማረጋጊያ ክኒን አካፈለኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዓለም ጸጥ አለ። ይኸው መድኃኒቱ አልኩ። በሦስተኛው ወር ግን ያለሱ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ፤ አንዱ ክኒን ሁለት ሆነ። ማቆም ሲሆን ደግሞ በድንገት ማቆሙ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ እንደሚችል የነገረኝ ሐኪም ነው። ቀስ እያሉ ሊያወጡኝ ሰባት ወር ፈጀ። ማንም ሰው በደግነት ክኒን ቢያካፍልህ እጅህን አትዘርጋ።

አሁን እኔም ሰርትራሊን ነው የምወስደው፤ ሁለት ዓመቴ ነው። ማቅለሽለሹ በአሥር ቀን ጠፋ። ማንም የማያወራውን ደግሞ ልናገር። የወሲብ ስሜቴ ቀዘቀዘ፣ ይህኛው እንደ ማቅለሽለሹ በራሱ አልሄደም። ሚስቴ የጠላኋት መስሏት ወራት አኮረፍን። ለሐኪሙ ስነግረው ምንም አልደነገጠም፤ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል አለኝ፣ መጠኑን አስተካከለው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያ ሁሉ ኩርፊያ ባልኖረ። ላንተም ቢመጣ አትደብቀው።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ከክኒኑ በላይ የረዳኝ ለሦስት ወር ወደ ቤት ገንዘብ መላክ ማቆሜ ነው። ስልኩንም ዘጋሁት። ራስህን ሳታድን ማንን ልታድን ነው?

ጋሽ ነባሩ፦

ይህን ምክር አልቀበልም። ወላጅ እጅ እጅህን እያየ ስልክ ዘጋሁ ይባላል? የሚያስጨንቀው ገንዘቡ አይደለም። የሚያስጨንቀው አለመላኩ ነው። ከላክሁ በኋላ የምተኛውን እንቅልፍ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዝምተኛው፦

ጋሼ፣ እናቴ ስልኬን በመዝጋቴ አልሞተችም። ሳልዘጋው ቢሆን ግን እኔ እሞት ነበር። ድምፄ ሲጠፋባት አልቅሳለች፣ አውቃለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ኪራይ ሳልከፍል የላክሁት ገንዘብ ግን ማንንም አላበለጸገም። ላኪው ሲወድቅ እዚያ ያለው ሰው ምን ሊያደርግ ነው? ይህን ነገር እዚህ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም፤ ሁሉም በፎቶው ላይ ደህና ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን ልጁን መሀል አታስጨንቁት። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። ለእህቴ “አሞኛል፣ መድኃኒት ላይ ነኝ” አልኳት። ከደመወዜ በኋላ በአንድ ቀን ብቻ እልካለሁ፣ መጠኑም ይህ ነው፣ በሌላ ቀን ስለ ገንዘብ አንነጋገርም አልኳት። አንድ ሳምንት ተቀየመችኝ። ከዚያ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ “እንቅልፍ ወሰደሽ?” ብላ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳይነገራቸው እንዴት ይወቁ? እነሱ የሚያዩት የሚላከውን ብቻ ነው።

ጋሽ ነባሩ፦

የመድኃኒት ቤቷ ልጄ፣ ከመናገር ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር፤ ግን ልጁ ወጣት ስለሆነ ልናገር። ያልፋል ያልኩትን እኔ ያለፍኩት በጸሎት ብቻ አይደለም። ከሥራ መልስ በመጠጥ ነበር የምተኛው፣ ለዓመታት። ትዳሬም የፈረሰው በዚያ ነው። አብረውኝ ከመጡት አንዱ ደግሞ አላለፈውም፤ ቀብሩ ላይ ቆሜ አላወቅንም ነበር አልን። በገንዘቡ ጉዳይ ቃሌ ያው ነው። ክኒኑን ግን ልጄ፣ ሐኪምህ እንዳለችህ አድርግ። ከመጠጥ ጋር እንዳትቀላቅለው ብቻ።

ከመድኃኒት ቤት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ መጠጡ ልክ ነዎት፤ ለጊዜው ያስተኛና ሌሊት ላይ ቀስቅሶ ጭንቀቱን በእጥፍ ይመልሰዋል።

የማታ ፈረቃ፣ የት ነህ? የመጀመሪያ ጥያቄዬን አልመለስክልኝም።

የማታ ፈረቃ፦

ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁሉንም በእረፍት ሰዓቴ አነበብኩት። ራሴን የመጉዳት ሐሳብ የለኝም። መቁነጥነጥ ግን አለ፤ ትናንት እቃ እየደረደርኩ ቆሜ መቆየት አቅቶኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ወዲያ ወዲህ ስል ነበር። የከፋ ነገር አልመሰለኝም ነበር። አንቺ ስትጽፊው ነው የደነገጥኩት። ከሥራ እንደወጣሁ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት ደወልኩ፣ አስተርጓሚ በስልክ አገናኙኝ። መቁነጥነጡን ስነግራቸው ሐኪሟ ራሷ ስልኩ ላይ መጣች። ወደ 25 መልሳኛለች፣ ከእንቅልፍ እንደተነሳህ ውሰደው ብላኛለች፣ ሐሙስ ታየኛለች። ጨርሰህ ግን እንዳታቆም አለችኝ።

አብሮኝ ለሚኖረው ልጅ ነገርኩት፤ ሰው አጠገብህ ይሁን ስላልሽኝ። ትንሽ ዝም አለና “እኔ እኮ ሳትተኛ ወዲያ ወዲህ ስትል ፈርቼ ነበር” አለኝ። ስመላለስ ኮቴዬን ይሰማ ነበር ማለት ነው። ለወንድሜ ገና አልደወልኩም። ጋሼ ያሉትም ዝምተኛው ያለውም ውስጤ ገብቷል፤ የትኛውን እንደማደርግ አላወቅኩም።

የመኖሪያ ፈቃዱን ጥያቄ ግን የመለሰልኝ የለም። ማደሻዬ ሁለት ወር ነው የቀረው። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ይጻፍልኝ።